እረኛ ምን አለ? በገዛ ቤታችን

በቀድሞ ዘመን አስተዋይ ሹም የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ እንደ ነበር ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ሰው በሹም ፊት ቀርቦ ሊናገረው የሚፈራውን ነገር እረኛው በሜዳ ላይ ሆኖ በዜማ ይለዋልና፥ ግጥሙ እንደ ታማኝ መልእክተኛ ቃል ይቈጠር ነበር። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው የዱሮው ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ወደ ገዛ ቤታችን፥ ልጅ በሩን ዘግቶ ብቻውን ወደሚያንጐራጕርበት ክፍል እናዞረዋለን።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ለሚወጣ መንገደኛ የስናን ወረዳ ከተማ የሆነችው ሮብ ገበያ ትገጥመዋለች። ስሟ እንደሚናገረው የገበያዋ ቀን ሮብ ነው፤ ብርዷ ብርቱ፥ ምድሯም የገብስና የድንች ነው። በአንድ የገበያ ቀን፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ባሉ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ፥ ከጓዳው በስተኋላ ካለችው ክፍል የሚመጣ ድምፅ ሰማን። ዘፈን ነው እንዳንል ዜማው እየተቋረጠ ንግግር ይሆናል፤ ንግግር ነው እንዳንል ቃሉ ቤት ይመታል፤ ከሥሩም እንደ ከበሮ ያለ ምት ይከተለዋል።

ጌታው ፊታቸውን አክብደው «ልጄ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለቁም ነገር ይበቃል ስል አዝማሪ ሆኖብኝ ቀረ፤ ያውም የፈረንጅ አዝማሪ!» አሉን። እመቤቲቱ ቡናውን እየቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መዝፈኑስ ምን ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ መስማቱ ነው የከበደኝ» አሉ። እኛም «ለመሆኑ ግጥሙ ምን ይላል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጌታው «ማን ያዳምጠዋል!» ብለው መለሱልን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይህ መልስ ነው።

ከዚያ ቤት በኋላ የሆነውን ከመንገራችን በፊት፥ ልጆቻችን ያመጡት ነገር ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ከሥሩ እንዲያውቁት እንወዳለን። ከአገራችን አዋጅ በቀር በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሂፕ ሆፕ የሚባለው ጥበብ ብዙዎች እንደሚመሰክሩለት በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፥ ኦገስት 11 ቀን 1973 ተወለደ። የተወለደበትም ምክንያት የቤተ ሰብ ጉዳይ ነበር። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጃገረድ ለትምህርት ቤት መክፈቻ የልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ብላ የጭፈራ ግብዣ አሰናዳች፤ ሸክላ እንዲያጫውትላትም ወንድሟን ለመነችው። ወንድሟ ከጃማይካ የመጣ የ18 ዓመት ጐልማሳ ሲሆን ስሙ ክላይቭ፥ ቅጽል ስሙም ዲጄ ኩል ኸርክ ነው። ይህ ጐልማሳ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፥ ዘፋኙ ዝም ሲል ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን አጭር ቦታ ከአንዱ ሸክላ ወደ ሌላው እያሸጋገረ አስረዘመው። በዚህ በረዘመው ምት ላይ ቤት እየመቱ መናገር ኋላ «ራፕ» ተባለ።

ይህን ያነበበ የጎጃም ሰው «ታዲያ ይህ ለእኛ ምኑ እንግዳ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። በድግስ ላይ ጐልማሳ ከመካከል ብድግ ብሎ በምት የሚናገረው ፉከራ፥ ከፉከራውም አስቀድሞ የሚወርደው ቀረርቶ፥ ቃልና ምት ተጋብተው የሚኖሩበት የራሳችን ቤት ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ለገዛ ልቡ የሚለው እንጉርጉሮም ከእነዚሁ ጋር ይቈጠራል። የአሜሪካው ራፕም በመጀመሪያው ዘመኑ አብዝቶ ወደ ፉከራው ያደላ ነበር። በኋላ ግን ወደ እንጉርጉሮው እየተሳበ መጣ።

ለዚህ መሳብ አንዱ ምልክት ካንዬ ዌስት የተባለው ዝነኛ በ2008 ያወጣው አልበም ነው። እናቱን በ2007 በሞት ካጣ በኋላ ራፕ መናገሩን ወደ ጐን ትቶ ኀዘኑን በዜማ አሰማ፤ ብዙ ወጣቶችም ያንን መንገድ ተከተሉ። በዚያው ወራት ጥቂት ገንዘብ ያለው ልጅ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ድምፅ መቅጃ ዘፈን ሠርቶ፥ የማንንም ኩባንያ ፈቃድ ሳይጠብቅ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ማሰማት ተቻለው። ኩባንያ «ይህ ራፕ ነው፥ ይህ ጃዝ ነው» እያለ የሚለይበት አጥር ስለ ሌለበት የቤተ ክርስቲያን መዝሙርንም፥ የጊታርን ጩኸትም፥ የአያቱን ዜማም በአንድ ላይ ያቀላቅላል። ቻንስ ዘ ራፐር የተባለው የቺካጎ ልጅ ራፕን ከመዘምራን ድምፅ ጋር ቀላቅሎ በ2016 ያወጣው ሥራ በሸክላ ሳይታተም በኢንተርኔት ብቻ ተሰምቶ፥ በ2017 የግራሚን ሽልማት አግኝቷል።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የኢትዮጵያ ደም ያለው ስም እንዳለም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አቤል ተስፋዬ፥ በመድረክ ስሙ ዘ ዊክንድ፥ በ1990 በካናዳ በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። እናቱ ለሥራ ሲወጡ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ቤቱም በአማርኛ የሚነጋገር ቤት ነበር። በ2011 የመጀመሪያ ሥራውን በኢንተርኔት በነጻ ሲለቀው ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ሥራው ከራፕም፥ ከሌላም የጥቁር አሜሪካውያን ዜማ የተቀዳ፥ ኀዘን የተጫነው ነው። በ2015 ዓለም ሁሉ በሰማለት በአንድ ዘፈኑ መጨረሻ ላይ የአማርኛ ቃል ይሰማል። የዘፈኖቹ ቃል ሁሉ ለቤት የሚሆን ነው አንልም፤ አይደለምም። ነገር ግን አንድ ልጅ በሰው አገር ሲያድግ አያቱ በአፉ ያኖሩለት ቋንቋ ከልቡ ጥግ ሆኖ እንደሚጠብቀው ከዚህ እንማራለን።

በዚህ መንገድ ላይ ያለውን ገደልም ሳንሸሽግ መናገር ግዴታችን ነው። ኀዘናቸውን በራፕ በመናገር ብዙ ወጣት የወደዳቸው ሁለት አሜሪካውያን፥ ሊል ፒፕ በ2017፥ ጁስ ወርልድ በ2019፥ እያንዳንዳቸው በ21 ዓመታቸው፥ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከልክ በላይ በመውሰድ ሞቱ። ሚሊዮን ሰዎች ግጥማቸውን በቃላቸው ይዘውት ነበር። ሕመሙን በግጥም የተናገረ ሰው ተፈወሰ ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል። ግጥሙ በር ማንኳኳት ነው፤ ከውስጥ ሆኖ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ልጁ የምሕንድስና ወይም የሕግ ሰው ይሁን ብሎ የተመኘ አባት ልጁ ወደ ዜማ ሲያዘነብል የሚሰማውን ሐዘን አንነቅፍም። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተ ሰቦቻቸው ወደ ዌልስ ሲልኩዋቸው ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እሳቸው ግን ሙዚቃን ተማሩ፤ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብተው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን አስገኙ። በ2010 ናዝ የተባለው ዝነኛ የራፕ ሰውና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ ከሥር የሚሰማው የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነው። እንግዲህ የኒው ዮርክ ራፕ ራሱ የእኛን ትዝታ መሠረት አድርጎ ቆሞበታል።

ከጎጃምም ምስክር አናጣም። እጅጋየሁ ሽባባው፥ ጂጂ፥ በቻግኒ ተወልዳ አድጋለች፤ በልጅነቷ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከአንድ ካህን ተምራለች። በ2001 ያወጣችውን አልበም ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ከጃዝ ሊቃውንት ከኸርቢ ሃንኮክና ከዌይን ሾርተር ጋር ባቀናበረው ጊዜ ከእኛ ሰው ብዙው «ዜማችንን ከባዕድ ቀላቀለችው» ብሎ ተከራከረ፤ የውጭው አድማጭ ግን በደስታ ተቀበላት። ዛሬ ልጆቻችን የሚሠሩት ቅልቅል ከእሷ ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም። በሲያትል የሚኖረው ገብርኤል ቴዎድሮስ በ2007 «ላቭዎርክ» የተባለውን የራፕ አልበም፥ በ2012 ደግሞ ከድምፃዊቷ ከመክሊት ሐደሮና በርንትፌስ ከተባለው ጓደኛቸው ጋር ኮፐርዋየር በተባለው ኅብረት ሌላ ሥራ አወጣ። በአገር ውስጥም ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋሕዶ «ጉራጌ ቶን» አለው፤ ካስማሰም «ማለዳ» በተባለው አልበሙ ሳይጮኽ፥ ለስለስ ባለ ድምፅ፥ በአማርኛ ማሰላሰልን አሳየ።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ነገር ግን የጨዋ ልጅ አዝማሪ ሲሆን አያሳፍርምን?» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። አባቶቻችን አዝማሪን በድግሳቸው ያስጠሩት፥ ከግጥሙም የተነሣ ይስቁና ያለቅሱ ነበር፤ ልጃቸውን ግን ለእሱ አይድሩም ነበር። ይህ ለሰሚው የማያስመሰግን ልማድ እንደ ሆነ በግልጽ እንናገራለን። ይልቁንም የጎጃም ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላ ጨዋ ሥራ አለ። በዋሸራ፥ በጎንጅ፥ በዲማ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር አጠገብ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ያቀርባል። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም፤ ቅኔው ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። የእኛ ሊቅ የኮራበት ይህ ብቻውን የመቀመጥና አዲስ ቃል የመፈለግ ትጋት፥ ስልኩን ይዞ በጋቢ ውስጥ የተሸሸገው ልጅ ከሚያደርገው ጋር ዘመድ ነው። የጐደለው መምህሩ ነው። የቅኔ ተማሪ የሚያደምጠውና «እዚህ ላይ ተበላሸ፥ እዚህ ላይ አማረ» የሚለው ሰው አለው፤ ይኸኛው ግን ቤተ ሰቡ በአጠገቡ ሳሉ የሚያደምጡት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ወደ ሮብ ገበያው ቤት እንመለስ። ምሳ ከተነሣ በኋላ እመቤቲቱ ልጁን ጠሩት። ገባ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠንና ከበሩ አጠገብ ቆመ። ሥራውን እንዲያሰማን ለመንነው። ወደ አባቱ ተመለከተ፤ አባቱም «እንግዶቹን አሰማቸው» አሉ። ልጁ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አኖረና፥ ድምፁ እንዳያስተጋባ ጋቢ ተከናንቦ እንደ ቀዳው፥ ይሁን እንጂ በቆርቆሮው ላይ የወረደው ዝናብ አብሮ እንደ ተቀዳበት እያፈረ ነገረን። እኛ ግን ዝናቡን ወደድነው። መጀመሪያ የመሰንቆ ድምፅ መጣ፤ በገበያ ከተገኘ አንድ አዝማሪ ጥቂት ብር ከፍሎ የቀዳው የትዝታ ቅኝት ነው። ከዚያም በስልኩ የሠራው ምት ገባበት፤ ቀጥሎም ንግግሩ።

ግጥሙ ስላሳደጉት አያቱ ነበር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2022 ጀምሮ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰብስበው፥ ስልክ ሳይዙ የሚወስዱት ሆነ፤ ይህም ልጅ ደብረ ማርቆስ ወርዶ በግቢው ሳለ አያቱ ዐረፉ። ቤተ ሰቡም ልጁ እንዳይታወክ መርዶውን ሸሸጉ። እንዲህ ያለው መሸሸግ በአገራችን የታወቀ የርኅራኄ ልማድ ነው፤ ከእኛም ውስጥ ያላደረገው ጥቂት ነው። ልጁ ፈተናውን ፈጽሞ ሲመለስ ቀብሩም፥ ሣልስቱም አልፎ ነበር። በግጥሙ መካከል ምቱን አስቁሞ ሁለት ስንኝ ብቻውን አለ፤

ፈተናው አልፎልኝ ደስ ብሎኝ ብመጣ፥
እሷም አልፋ ቆየችኝ እደጅ ሳትወጣ።

አንባቢዎቻችን ሰምና ወርቁን ሳንነግራቸው ያገኙታል። አንዲት «ማለፍ» የምትባል ቃል ለልጁ ደስታ፥ ለአያቱ ሞት ሆና ቆማለች፤ ፈተናውም በወረቀቱ ላይ እንዳላበቃ በዚያችው ቃል ተነግሯል። ከቅኔ ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ልጅ ይህን ማለቱ አስደነቀን።

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። እመቤቲቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጌታው «እኛ እኮ ለአንተው ብለን ነው» አሉ። ልጁም ቀና ሳይል «አውቃለሁ፥ አባባ። እኔ ግን አልቀበርኋትም» አለ። ጌታው ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱ፤ ወደ ገበያው፥ በጆንያ ወደሚጫነው ድንች ሲመለከቱ ቆዩ። ሲመለሱ ልጁን አልመከሩትም፥ ይቅርታም አልጠየቁትም። ከወንበራቸው ተቀመጡና «እስቲ ከመጀመሪያው ድገመው» አሉት።

እኛም ከዚያ ቤት ስንወጣ የተረዳነው ይህን ነው። ለቅሶ በአገራችን የተሠራው ኀዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፥ አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፥ ኀዘኑ በብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። ይህ ልጅ ለቅሶው ስለ ተወሰደበት የራሱን ለቅሶ ብቻውን ሠራ፤ አልቃሹም ራሱ፥ ደረት መቺውም የስልኩ ምት ሆነ። የጐደለው ለቀስተኛ ነበር። ያን ዕለት አባቱ ለቀስተኛ ሆነው ተቀመጡለት።

ስለዚህ ለወላጆች የምናሳስበው ጥቂት ነገር ነው። ልጃችሁ በክፍሉ ዘግቶ የሚለውን ከመንቀፋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጡት፤ በመካከል አትናገሩ። የማይገባችሁ ቃል ቢኖር እንደ ተማሪ ጠይቁት። ግጥሙ ስለ ሞት መመኘት፥ ስለ መጠጥ ወይም ስለሚያደነዝዝ ነገር አዘውትሮ የሚናገር ከሆነ፥ እንቅልፉና ምግቡም ከተለወጠ፥ «ዘፈን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ተግሣጽም አይበቃውም፤ አጠገቡ ሁኑ፥ ወደ ሐኪምም ውሰዱት። ይህን ማድረግ ለቤተ ሰብ ውርደት አይደለም።

ለልጆቻችንም የምንለው አለን። ከሕመም የተወለደ ግጥም ሁሉ መልካም ግጥም አይደለም። ቃልን ማረም፥ የሰለቸውን ምሳሌ መጣል፥ የጻፉትን ለሚነቅፍ ወዳጅ ማሰማት ያስፈልጋል። የአሜሪካውን ልጅ ስድብና ጉራ መቅዳት ቀላል ነው፤ የገዛ አያትን ስም በገዛ ቋንቋ ማልቀስ ግን ሥራ ይጠይቃል። ከዚህ ጥበብ እንጀራ የሚበላው ሰው ጥቂት መሆኑንም እወቁ፤ ስለዚህ ትምህርትን ወይም ሌላ ሙያን ከእጃችሁ አትልቀቁ። በገበያ ያገኛችሁትን የአዝማሪ ድምፅ ስትወስዱም፥ ይህ ልጅ እንዳደረገው፥ ጠይቃችሁና ከፍላችሁ ውሰዱ። የእናንተንም ሥራ ሕግ ይጠብቀዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ የራስ ወጥ ከሆነና ከተቀዳ ወይም ከተጻፈ ጀምሮ፥ ሳይመዘገብም ቢሆን፥ መብቱ የደራሲው ነው፤ በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ «አሳትምልሃለሁ» ለሚላችሁ ሰው ሁሉ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ለአባታችሁ ወይም ሕግ ለሚያውቅ ዘመድ አሳዩ። ይህም ራሱ አባትና ልጅን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያቀራርብ ሥራ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በየሥራችሁ የሰውን አቤቱታ ስትሰሙ የምትውሉ ናችሁ። ማታ ወደ ቤት ስትገቡ በመጨረሻው ክፍል የሚጠብቃችሁ አንድ አቤቱታ ሊኖር ይችላል፤ ማመልከቻ አልተጻፈበትም፥ ቤት ግን ይመታል። በሩን ቀስ ብላችሁ አንኳኩና «ልጄ፥ ዛሬ ምን አልህ?» በሉት።